ባዶ ማሳ ላይ የተቀዳ ድምፅ

ግሪሳ ወፍ ማሽላ ላይ ሲወርድ የሰማ ሰው ድምፁን አይረሳውም። ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ይመስላል፤ ቀረብ ሲል ደግሞ የአንድ አገር ሰው ተሰብስቦ የሚያንሾካሹክ ይሆናል። በመተማ ቆላ ገበሬው ያን ድምፅ በጆሮው ከሰማ በኋላ ብዙ የሚያደርገው ነገር የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ወፎቹ አይደለም። ወፎቹን እናዳምጥበታለን ብለን በሰቀልነው መሣሪያ ውስጥ ስለገባ ሌላ ድምፅ ነው።

በዚያን ጊዜ ጎንደር ከተማ ተወልጄ ያደግኩ፣ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምተዳደር ሴት ነበርኩ። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቼ ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ። ቆላው ለእኔ ሙቀትና ወባ ነው፤ በጠዋት ገብቼ ሥራዬን ጨርሼ በቶሎ የምወጣበት ቦታ። የዚያን ቀኑን ጉዞም የመጨረሻዬ ነው ብዬ ነበር የወረድኩት።

የምሠራለት ፕሮጀክት ግሪሳን በድምፁ ቀድሞ ለማወቅ የሚሞክር ነበር። በኮኪት ዙሪያ ባሉ እርሻዎች ዛፍና ምሰሶ ላይ ማይክሮፎን ያላቸው ትንንሽ ሳጥኖች ተሰቅለዋል። ጸጥ ሲል ይተኛሉ፤ ድምፅ ሲሰሙ ይነቃሉ፣ ይቀዳሉ፣ የቀዱትንም በአንቴና ወደ ኮኪት ይልካሉ። ኮኪት ላይ የሚቀበላቸው በሊኑክስ የሚሠራ አንድ ኮምፒውተር ነው። የመጣው ድምፅ የግሪሳ ከሆነ ኮምፒውተሩ ለገበሬዎቹ የስልክ መልእክት ይልካል። ካልሆነ «ያልታወቀ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ያን ፎልደር ከፍቶ የሚያዳምጥ ሰው አልነበረም።

ኮምፒውተሩ የተቀመጠው ሐጂ አወል ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ሐጂ አወል ሰሊጥ የሚገዙ፣ በዚያው ላይ ጀላቢያና ሳሙና፣ ባትሪና ጀሪካን የሚሸጡ የኮኪት ነጋዴ ናቸው። ጄኔሬተር ያላቸው እሳቸው ስለሆኑ መሣሪያውን በጓዳቸው እንድናኖር ፈቀዱልን። ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው።

ነገሩ የሆነው ኅዳር ውስጥ ነው። ሰሊጡ ተሰብስቦ አልቋል፣ ማሽላው ግን ገና ቆሟል፤ ግሪሳ የሚጠብቀውም ይህንኑ ወቅት ነው። በድንገት ለገበሬዎቹ የሚደርሰው መልእክት ቆመ። ሐጂ ደወሉ፣ ጎንደር ያለው አስተባባሪያችንም ቶሎ ውረጂ አለኝ። ኮኪት ስደርስ የጠዋቱ ነፋስ እንኳ ሞቆ ነበር። ሐጂ ሚዛናቸውን ትተው ተቀበሉኝና ገበሬው በቀን ሦስት ጊዜ እየመጣ «ማሽኑ ዳነ ወይ?» እያለ እንደሚጠይቃቸው ነገሩኝ።

ኮምፒውተሩን ስከፍተው በሽታው ወዲያው ታወቀ። ዲስኩ ሞልቶ አንዲት መስመር ጽሑፍ የምታርፍበት ቦታ አልቀረውም። ሊኑክስ እንዲህ ሲሞላበት አይጮህም፤ ዝም ብሎ መቀበል ያቆማል። ሳጥኖቹ ቢልኩም የሚቀበላቸው የለም ማለት ነው። ምን እንደሞላው ስፈልግ «ያልታወቀ» የሚለው ፎልደር ሆኖ አገኘሁት። በውስጡ ያለውም ሁሉም ማለት ይቻላል ከአንድ ሳጥን፣ ከሰባተኛው የመጣ ነው።

ሰባተኛው ሳጥን የት እንዳለ የሚያውቀው አያሌው ነበር። አያሌው የሐጂን ፒካፕ የሚነዳ፣ ቆላውን እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው ነው። ሳጥኑ ከከተማው ራቅ ብሎ፣ ወደ ሽንፋ በሚወስደው አቅጣጫ፣ አንድ ዲማ ዛፍ ላይ እንደተሰቀለ ነገረኝ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ሠራተኛው ሁሉ ተበትኖ፣ የእርሻው ወኪልም የሠራተኛውን ካምፕ አፍርሶ ሄዷል። እዚያ አካባቢ ማሽላ የለም። ማሽላ ከሌለ ወፍም የለም፣ ሰውም የለም።

ለአስተባባሪው ደወልኩለት። ነፋስ ሳጥኑን ከዛፉ ጋር እያጋጨው እንደሚሆን ገመተና የሰባተኛውን ፋይሎች በሙሉ አጥፍቼ ኮምፒውተሩን ቶሎ እንዳስነሣው ነገረኝ። ምክንያታዊ ነበር፤ እኔም ቢሆን ያንኑ ነበር የምለው። ልሰርዛቸው ፋይሎቹን መርጬ ሳለ ግን ዓይኔ የተቀዱበት ሰዓት ላይ ዐረፈ። አብዛኞቹ የቀትር ናቸው። ቀትር ላይ በቆላ ነፋስ ይወድቃል፣ ወፍም ጥላ ፈልጎ ዝም ይላል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። ታዲያ ያን ሳጥን ቀትር ለቀትር የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው?

አንዱን ፋይል ከፈትኩት።

መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሽ ነው። ረጅም፣ የሚጎተት፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚወጣ ዓይነት። ቀጥሎ ደረቅ ነገር በደረቅ ነገር ላይ ሲፋቅ ተሰማ። ከዚያ እንስራ ውስጥ አፉን ከትቶ እንደሚናገር ሰው፣ ቃሉ የማይለይ ማጉረምረም መጣ። ከማጉረምረሙ መሐል አንዲት ቃል ብቻ ጠርታ ወጣች።

«አለህ?»

ከዚያ በኋላ ምንም አልነበረም።

ሱቁ ውስጥ የሐጂ ሚዛን ድምፅ ቆመ። ቀና ስል ሐጂ የጓዳውን በር ይዘው ቆመዋል። አያሌው ከኋላቸው ነበር፤ ፊቱ ተለዋውጧል። ሌላ ፋይል ከፈትኩ፤ ያው ትንፋሽ። ሌላ ከፈትኩ፤ «አለህ?» የምትለዋ ቃል እንደገና፣ ከበፊቱ ደከም ብላ መጣች።

አያሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራን። ያ ዲማ ሥር ቀትር ላይ ሰው አይቀመጥም አለ። ሠራተኞቹ እንደሚሉት የቀትር ጋኔን የሰው ድምፅ እየመሰለ ይጠራል፣ «አቤት» ያለውን ሰው ይዞት ይቀራል። እሱ ራሱ በዚያ በኩል ሲያልፍ ዞሮ እንጂ በሥሩ አልፎ እንደማያውቅ ጨመረ። በቀልድ አልነበረም የተናገረው። እኔም ጎንደር ሆኜ ብሰማው የምስቅበትን ነገር እዚያ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ልስቅበት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ነበር። የመጨረሻው ፋይል የመጣው ዲስኩ ከመሙላቱ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ደንቁሯል። እዚያ የነበረው ነገር፣ ሰውም ይሁን ሌላ፣ አሁንም ይኑር አይኑር የምናውቀው መሣሪያው ዳግም መስማት ሲጀምር ነው። የሰባተኛውን ፋይሎች ባጠፋ ቦታ ወዲያው ይገኝ ነበር። ነገር ግን ያን ድምፅ ከሰማሁ በኋላ እንዴት አጠፋዋለሁ? የሌሎቹ ሳጥኖች ቅጂ ደግሞ የተመራማሪዎች ስለሆነ አይነካም። የያዝኩት ፍላሽ አንድ አሥረኛውን እንኳ አይችልም። ለአስተባባሪው ልነግረው ስሞክር ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «ነፋስ ነው፣ አጥፊውና ተመለሺ» የሚለው ብቻ ደረሰኝ።

ያኔ ዲስኩን በደንብ ስመረምር አንድ መልካም ነገር አገኘሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ትንሹን አሮጌ ዲስክ ወደ ትልቅ አዲስ ዲስክ ገልብጦ፣ የቀረውን ቦታ ሳያስከልለው ሄዷል። ነገሩን በመሬት ላስረዳችሁ። አንድ ሰው ሰፊ መሬት ተሰጥቶት ግማሹን ብቻ አጥሮ ያርሳል እንበል። ከአጥሩ ውጭ ያለው የራሱ ነው፤ ግን አላጠረውም፣ አላረሰውም። ያጠረው ክፍል ፓርቲሽን ይባላል። የእኔ ሥራ አጥሩን ማስፋት ነው። ችግሩ በዚህ ዓይነት ዲስክ ላይ አጥር የሚሰፋው አሮጌውን ወሰን ፍቆ አዲስ ወሰን በመጻፍ መሆኑ ነው። አዲሱ ወሰን አሮጌው ከጀመረበት ነጥብ ላይ አንዲት ጋት ሳይዛነፍ መጀመር አለበት። ከተሳሳተ በውስጡ ያለው ሁሉ፣ የወፎቹም የዚያ ድምፅም፣ ባለቤቱን እንዳጣ ዕቃ ይበተናል።

ለሐጂ ይህንኑ ነገርኳቸውና ሥራው እስኪያልቅ ጄኔሬተሩ እንዳይጠፋ ለመንኳቸው። የከተማው መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም።

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። «ጄኔሬተሩን እኔ አያለሁ።» ሱቃቸውን ዘግተው፣ በእጃቸው የነዳጅ ጀሪካን ይዘው፣ ውጭ ጄኔሬተሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ለቀትር ሶላት እንኳ ሲነሡ አያሌውን ተክተው ነው።

ኮምፒውተሩን ከፍላሽ አስነሣሁት፤ ዲስኩ ሥራ ላይ ሆኖ እንዳልነካው። ክፍሉ የሚጀምርበትን ቁጥር በእጄ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ወሰኑን ሰረዝኩ። ስክሪኑ ላይ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ታየኝ። በዚያች ደቂቃ በመዝገቡ ላይ ምንም የለም፤ ያ ሁሉ ትንፋሽ የትም የለም። አዲሱን ወሰን ከዚያው ቁጥር አስጀምሬ እስከ ዲስኩ ዳርቻ ወሰድኩት። ፕሮግራሙ ጥያቄ አመጣ፤ በቦታው የቀድሞ ፋይል ምልክት አለ፣ ላጥፋው ወይ ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለሚቸኩል አዎ ብሎ ያልፋል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ አይ አልኩ። ከዚያ ጻፈው ብዬ አዘዝኩ።

አጥሩ ሰፋ። ግን ስመለከተው መጠኑ ያው የድሮው ነው፤ ልክ እንደ ድሮው ሞልቷል። ይህም ይጠበቃል፤ መሬቱ ሰፋ እንጂ አራሹ ገና አልሰማም። የፋይል አቀማመጡን መጀመሪያ አስፈተሽኩ፣ ቀጥሎ እስከ አዲሱ ወሰን እንዲዘረጋ ነገርኩት። እየተዘረጋ ሳለ የጄኔሬተሩ ድምፅ ተንተፋተፈ። ውጭ ሐጂ «ቢስሚላህ» ሲሉና ነዳጅ ሲንቆረቆር ሰማሁ፤ ድምፁ ተመልሶ ተስተካከለ። ጥቂት ቆይቶ ሥራው አለቀ። ዲስኩ ግማሹ ባዶ ሆኖ ታየ፣ ከነበረውም አንድ ፋይል አልጎደለም።

ኮምፒውተሩን በራሱ አስነሣሁት። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ መታየት ጀመሩ። አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ሰባተኛው ዘገየ። ሐጂና አያሌው ከኋላዬ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚያ ሰባተኛውም ታየ፤ ወዲያው ከእሱ አዲስ ፋይል ገባ። የተቀዳው አሁን ነው። ከፈትኩት።

«መጣህ?» አለ ድምፁ። ትንፋሽ ወስዶ ደግሞ፣ «ወዴት ሄደህ ነበር?»

ኮምፒውተሩን ባስነሣሁ ቅጽበት፣ ሰው በሌለበት ማሳ ላይ ያለ ድምፅ የት እንደነበርን ይጠይቀናል።

መጀመሪያ የተናገሩት ሐጂ ናቸው። «አያሌው፣ መኪናውን አስነሣ» አሉ።

አያሌው መሬት መሬት እያየ፣ ፀሐይ በረድ ይበልና ብንሄድ ይሻላል አላቸው።

«ጂን ከሆነ አዑዙ ብለን እንመለሳለን» አሉት ሐጂ። «ሰው ከሆነ ግን አላህ ነው የሚጠይቀን።»

አያሌው ቁልፉን አነሣ።

የዋልካው መሬት ተሰነጣጥቆ መኪናው እየዘለለ ነበር የሚሄደው። ግራና ቀኙ የሰሊጥ ቃርሚያ ነው፤ አጭር፣ ግራጫ፣ እስከ ዓይን ዳርቻ። ሰው አላየንም፤ ከብትም አላየንም። ዲማው ከሩቅ ታየ፤ ግንዱ ወፍራም፣ ቅርንጫፉ ራቁት፣ ሥሩን ወደ ሰማይ ገልብጦ የቆመ የሚመስል። ስንጠጋ ሳጥኑ ከአንዱ ቅርንጫፍ ሥር ታስሮ አየሁት። ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትላለች። ከዛፉ ወዲያ ሠራተኞች ራኩባ የሚሉት የሣር ዳስ ነበር፤ ነፋስ ጥሎት ክምር ሆኗል።

አያሌው መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ግን አላጠፋም። «አላጠፋውም፣ ይሥራ» አለኝ፤ ማንም አልተከራከረውም። እኔም ሞተሩ እየሠራ መቆሙ ደስ ብሎኝ ነበር። ሐጂ ቀድመው ወረዱ፣ በዛፉ ዙሪያ ሄዱ፣ ከወዲያ ማዶ ሲደርሱ ቆሙ። ዲማው ውስጡ ክፍት ነበር፤ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። በውስጡ ጉልበቱን ታቅፎ ያዘመመ ሰው አለ።

ወጣት ነው። እጅና እግሩ የቀጠነ፣ ሆዱ ግን ተነፍቶ ሸሚዙን የወጠረ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ዓይኑ ተገልጦ ወደ እኔ ያያል፣ ግን አያየኝም። ሐጂ ፎጣ በውሃ ነክረው አፉን አራሱለት። ሰው መሆኑን ባየ ጊዜ የአያሌው ፍርሃት በአንዴ ለቀቀው፤ እሱ ነው ብቻውን ተሸክሞ ፒካፑ ላይ ያስተኛው። ባዶ ጀሪካኑንና ነጠላውን አነሣሁለት። ሐጂ ወደ ማሳው ዞረው «ሌላ ሰው አለ?» ብለው ተጣሩ። ከሞተሩ ድምፅ በቀር የሰማነው የለም። ልጁ በመኪናው ላይ ማቃሰት ሲጀምር እኔ «እንሂድ» አልኩ፣ ሄድን።

ኮኪት ጤና ጣቢያ ያሉት ባለሙያዎች አይተውት ግሉኮስ ሰቀሉለትና ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል እንዲገባ አዘዙ። አያሌው ከአንዲት ነርስ ጋር ይዞት ሄደ። እኔና ሐጂ ወደ ሱቁ ተመለስን። ሐጂ ከደስታቸው የተነሣ ምሳ ካልበላሽ አሉኝ። የበላሁትን አላስታውስም። የማስታውሰው ጓዳ ገብቼ፣ ለአስተባባሪው የምልከው እንዲሆን፣ የዚያን ቀን ፋይሎች ለብቻ መሰብሰብ መጀመሬን ነው።

ሳጥኑ እኛንም ቀድቶን ነበር። የመኪናው መምጣት፣ የበሩ መከፈት፣ የሐጂ ጫማ ቃርሚያውን ሲሰብር። የአያሌው ትንፋሽ ልጁን ሲያነሣ። «ሌላ ሰው አለ?» የሚለው የሐጂ ጥሪ። የራሴ ድምፅ፣ «እንሂድ»። የሞተሩ መራቅ። ራስን ካሉበት ሆኖ ሳይሆን ከዛፍ ላይ ሆኖ መስማት እንግዳ ነገር ነው፤ የሌሎች ሰዎች ታሪክ ይመስላል። ፋይሉ አለቀ።

ከእሱ በኋላ ሌላ ፋይል ነበር።

ሳጥኑ ድምፅ ካልሰማ አይነቃም። እኛ ሄደናል፣ ልጁን ይዘነዋል፣ ማሳው ባዶ ነው። ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ከሄድን በኋላ ነው። ከፈትኩት። መኪናችን ገና በሩቅ ይሰማል፣ እየቀጠነ እየቀጠነ ይጠፋል። ከዚያ ጸጥታው መሐል፣ ከመሬት ሥር የሚመስል፣ የልጁ ያልሆነ፣ ያረጀ ድምፅ መጣ።

«አለሁ።»

ጥቂት ቆየ።

«አለሁ … አለሁ።»

ሐጂን ጠርቼ ስነግራቸው ቃላቴ ተዘበራረቀ። አሰማኋቸው። መጀመሪያ የዲማው ሆድ የልጁን ድምፅ ያስተጋባው እንደሆነ ሊያስረዱኝ ሞከሩ፤ ወዲያው ግን ራሳቸው ተዉት። ልጁ እዚያ የለማ። እኔ ወደ ቀድሞዎቹ ፋይሎች ተመለስኩ፣ ጠዋት ያልከፈትኳቸውን እየከፈትኩ አዳመጥኩ። «አለህ?» ይላል ወጣቱ። ትንሽ ቆይቶ፣ በጣም ርቆ፣ ማይክሮፎኑ በደረሰበትና ባልደረሰበት መሐል፣ «አለሁ» የሚል መልስ አለ። በአንደኛው ፋይል ሽማግሌው ድምፅ ረዘም አድርጎ «ውሃ አለኝ፣ አንተ ያለህን ጠጣ» ይላል። የገደል ማሚቶ ያላሉትን ቃል አይናገርም።

ፒካፑ የለም። ሐጂ ጎረቤታቸው ካለ ነጋዴ ሰሊጥ የሚጭንበትን መኪና ለምነው ራሳቸው ነዱት። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ዲማው ጋ ስንደርስ ሐጂ ሞተሩን አጠፉ። ያ ቦታ ምን ያህል ጸጥ ያለ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅኩት፤ የጆሮዬ ደም ሲመላለስ እሰማለሁ። አረንጓዴዋ መብራት አልበራችም። ሐጂ ናቸው የተጣሩት።

«አለህ?» አሉ፤ ልጁ በቅጂው ላይ እንዳለው።

ከወደቀው የሣር ክምር ሥር «አለሁ» አለ።

በእጃችን ሣሩን ፈነቀልን። የራኩባው ምሰሶ ጭኑ ላይ ወድቆበት፣ ጀርባው ላይ የተጋደመ፣ ጢሙ ሽበት የሆነ ሰው ከሥሩ አገኘን። ምሰሶውን ስናነሣለት አልጮኸም። እኔ ግን ማልቀስ ጀምሬ ኖሯል።

«አብሽሪ ልጄ» አለኝ፣ በወሎ ቃና። «ያን ልጅ ወሰዳችሁት?»

ወስደነዋል አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። የሞተ መስሎኝ ነበር፤ እፎይ ማለቱ ነበር እንጂ።

ታሪኩን ያወቅነው ኋላ ነው። ወጣቱ ጌትነት ይባላል፣ ከጎጃም ነው፤ ሽማግሌው ይመር፣ ከወሎ። የተዋወቁት እዚያው ቆላ፣ በአጨዳ ላይ ነው። ሥራ አልቆ ሠራተኛው ሲበተን ይመር ወባ ጣለውና ከመንገደኛው ቀረ። ጌትነት ጥሎት መሄድ እንቢ አለ። የተጠለሉበትን ራኩባ ነፋስ ሲጥለው ይመር ሥሩ ቀረ። ጌትነት ሊያወጣው ቢሞክር ጉልበት አጣ፤ እሱም ካላዛር የሚባለው፣ ሆድ የሚነፋና አቅም የሚያሳጣ የቆላ በሽታ ይዞት ኖሯል። ወደ ዲማው ጥላ ተጎትቶ ሄደና ከዚያ ሆኖ፣ ነፋስ ወድቆ ድምፅ በሚሰማበት ቀትር ላይ እየተጠራሩ፣ አንዱ የሌላውን በሕይወት መኖር እያረጋገጡ ቆዩ።

ጌትነት በሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ስለ መብራቷ ነገረኝ። ሳጥኑ የላከው ድምፅ ኮኪት ሲደርስ ብልጭ የምትለዋን አረንጓዴ መብራት፣ እሱ በተናገረ ቁጥር ስትበራ ያያታል። ሰሚ አለ ብሎ አመነ። ከዚያ አንድ ቀን መብራቷ ጠፋች፣ ቢናገርም አልበራ አለች። ያ ዲስኩ የሞላበት ቀን መሆኑ ነው። «ያኔ ተኛሁ» አለኝ፣ «ለመነሣት አልነበረም የተኛሁት።» ተመልሳ ስትበራ ነው ያን ሰሚ «ወዴት ሄደህ ነበር?» ያለው።

ሁለቱም ዳኑ። ጌትነት ረጅም ሕክምና ወስዶ ሆዱ ጎደለ፤ ይመር በምርኩዝ ይሄዳል። ሲወጡ አብረው ነው የወጡት፤ ልጁ ሽማግሌውን ወሎ አድርሶ ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። አስተባባሪያችንም ቅጂዎቹን ከሰማ በኋላ ወርዶ ሁለቱን ጠየቃቸው፤ «ያልታወቀ» የሚለውን ፎልደር በየቀኑ የሚያዳምጥ ሰው እንዲመደብም አደረገ። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። አዲስ አበባ ላለው መሥሪያ ቤት ደውዬ አልመጣም አልኳቸው።

አንባቢዎቼ፣ በየቀኑ የማዳምጠው ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትሰለቻላችሁ። ፍየል ነው፣ ትራክተር ነው፣ አላፊ ሰው ለብቻው የሚያንጎራጉረው ነው። አንዳንዴም ምን እንደሆነ ጨርሶ የማላውቀው ድምፅ ይመጣል፤ ያኔ አያሌውን እጠራውና ሄደን እናያለን። ብዙ ጊዜ ምንም አናገኝም። አያሌው አሁን እንደደረስን መጀመሪያ የሚያደርገው ሞተሩን ማጥፋት ነው። ነግሬው አይደለም። እናንተም እርዳታ ይዛችሁ አንድ ቦታ ከደረሳችሁና የምታደርጉትን አድርጋችሁ ከጨረሳችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ዝም በሉ። እኛ ከዚያች ማሳ ስንወጣ ሰው ያዳንን ነበር የመሰለን፤ አድነንም ነበር፤ ከኋላችን ግን ሰው እየጠራን ነበር።

ይመር ከሆስፒታል ሊወጣ ሲል አጠገቡ ተቀምጬ የሚከነክነኝን ጠየቅኩት። መኪናችን ሲሄድ ከሰማ፣ ጥለነው እንደሄድን ካወቀ፣ ለምን መጣራቱን እንደቀጠለ።

ምርኩዙን ከአልጋው ላይ እያነሣ ቀለል አድርጎ መለሰልኝ። «ሰምታችሁ ብትሆኑማ አትሄዱም ነበር። ያልሰማ ሰው ደግሞ ድጋሚ ይጠሩታል እንጂ አይቀየሙትም።»